ወንፊት ያልነካው አሸዋ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይቅናሽ። እኔ ከጉልበቴና ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬን ያነሳሁት በስልክ ስታወሪኝ ግማሹን ብቻ ስለምሰማና ለቀረው "እሺ፣ እሺ" ስለምልሽ ነው። ባለፈው ምን እሺ እንዳልኩሽ እስካሁን አላወቅኩም። ደብዳቤ ግን ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ቁም ነገር ሲኖርሽ በወረቀት አድርጊው።

የሰፈራችን ወሬ እንዲህ ነው። ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት ያለፈው የዩራኒየም ወፍጮ ሰው መጣለት። ሊፈጩበት አይደለም፣ ሊያጸዱት ነው። ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ጨረር የሚለካ መሣሪያ በትከሻቸው አንግተው ከቤት ቤት በቀስታ ይራመዳሉ። መሣሪያው ዝም ካለ ያልፋሉ። ከተንጣጣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ይተክላሉ። ከቤታችን ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ሲወጡማ እንደሚቆላ በቆሎ ተንጣጣ፤ እዚያ ግን አንድም ችካል አልተከሉም። ምነው ብዬ ብጠይቅ ተቆጣጣሪያቸው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ "አባባ፣ እኛ ወፍጮው ያፈሰሰውን ነው የምናነሳው። እግዜር ያስቀመጠውን አንነካም። ኮረብታው ከነዩራኒየሙ የተፈጠረ ነው" አለኝ።

የእኛም ግቢ ተንጣጣ። ጓዳው ደግሞ ከግቢው ባሰ። ተቆጣጣሪው ወለሉን አየት አድርጎ "ይሄ እዚሁ የነበረ ነው ወይስ የመጣ?" አለኝ። "የነበረ ነው" አልኩት። ጻፈና ሄደ። ችካል የለ፣ ቁፋሮ የለ። የጎረቤታችን የአናጢው በረንዳ ግን ሊፈርስ ነው፤ ሥሩ የወፍጮው ዝቃጭ ተገኝቶበታል።

አሁን ጎረቤቱ "የውኃልክ ቤት ለምን ታለፈ?" እያለ ያማኛል። መቼም በዚህ ሰፈር ግንበኛው ውኃልክ ተብዬ የኖርኩት እኔ በሠራሁት ወለል ላይ እንቁላል ቢያስቀምጡ ስለማይንከባለል ነው። ስሜ ለሐሜት ሲነሳ ይከነክነኛል። አንቺ እንዲህ ያለ ጽዳት የሚካሄድበት ሌላ ቦታ፣ አፈር በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠሪው። "የኮረብታው ድንጋይ እስከ አጎቴ ጓዳ ድረስ ይዘልቃል" ብለሽ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ጻፊልኝ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ጨርሰው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በፊት ይድረስልኝ።

ታናሽ እህትሽ ልትወልድ እኔ ዘንድ መጥታለች። ባሏ ሹፌር አይደል፣ መንገድ ላይ ነው የሚከርመው። ለጥር ትጠብቃለች። ጓዳውን ሰጥቻታለሁ፤ የመኪና ጫጫታ አይደርስበትም።

አጎትሽ

---

ጥቅምት 29

ይድረስ ለምወድዎ ጋሼ፣

ጉልበትዎን ያበርታልኝ። ጆሮዎን ግን ይተዉት፤ ሰፈሩ እንዲህ የሚያማዎ ከሆነ ባይሰማ ይሻላል። ባለፈው እሺ ያሉኝ ሲጋራ ሊያቆሙ ነው። ምስክር አለኝ፣ አጠገቤ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ ሰምታለች።

የጠየቁኝን ገጽ ልጽፍልዎ አልችልም፤ አይቆጡኝ። ለምን እንደማልችል እንደ ቤተሰብ ወሬ አድርገው ይስሙኝ። ዩራኒየም እናት ናት። በጣም ቀስ እያለች ስትፈርስ ልጆች ትወልዳለች፤ ከልጆቿ አንዱ ራዲየም ይባላል። መሣሪያውን የሚያንጣጣው ልጁና የልጁ ልጆች ናቸው፤ እናትየዋ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ከተፈጠረ ጀምሮ ሰው ያልነካው ድንጋይ ውስጥ እናትና ልጅ እኩል ሆነው ይገኛሉ። ወፍጮው ግን የሚፈልገው እናትየዋን ብቻ ነበር። ድንጋዩን ፈጭቶ በአሲድ አጥቦ እሷን ወሰደ፣ ልጆቹን ክምር ላይ ደፋቸው። ስለዚህ አንድ አፈር ውስጥ ልጁ ሞልቶ እናትየዋ ከጠፋች ያ አፈር በወፍጮ አልፏል። ይህን ደግሞ በመንጣጣት ማወቅ አይቻልም። ኮረብታዎም የአናጢውም በረንዳ እኩል ሊጮኹ ይችላሉ።

የእኔ ሥራ ይኸው ነው። አፈሩን በምድጃ አደርቃለሁ፣ እስኪልም እፈጫለሁ፣ በትንሽ ቆርቆሮ አሽጌ ሦስት ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። ከራዲየም የሚወጣ ጋዝ አለ፤ እሱ ሳያመልጥ ልጆቹ ሁሉ እስኪሰበሰቡ ነው የምጠብቀው። ከዚያ ይቆጠራል። አለቃዬ "ጩኸት አትመኑ፣ ቤተሰቡን ቁጠሩ" ትለናለች።

እንግዲህ ይንገሩኝ። ሰዎቹ ከጓዳው አፈር ወስደዋል ወይስ በመሣሪያው ብቻ ነው ያለፉት? ካልወሰዱ ይውሰዱና እርስዎ ሁለት ቁጥር ይጠይቋቸው፤ የዩራኒየሙንና የራዲየሙን። ደግሞም "የነበረ ነው" ሲሉ ከመቼ ጀምሮ? እኔም እኮ አርባ ሁለት ዓመት የነበርኩ ነኝ፤ ኮረብታ ግን አይደለሁም።

እስኪታወቅ ድረስ እህቴ ከጓዳው ትውጣ። ያ ያልኩዎ ጋዝ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ይጠራቀማል፣ ሳምባ ይጎዳል። ጉዳቱ የአንድ ሳምንት አይደለም፣ የብዙ ዓመት ነው። የሚወለደው ልጅ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ከፊቱ ነው።

ልጅዎ

---

ኅዳር 27

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ የእህትሽ እግር ትንሽ ከማበጡ በቀር። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። እጄ ብዕር ሲይዝ ይከብደዋል፤ ሲሚንቶ የለመደ እጅ ነው።

የእናትና የልጁን ነገር ለአናጢው አጫወትኩት። አዳምጦ አዳምጦ "አባትየውስ የት ሄዶ ነው?" አለኝ። በረንዳውን አፈረሱበት። ዙሪያውን አጥረው፣ አቧራ እንዳይነሳ ውኃ እየረጩ፣ አፈሩን በጭነት መኪና ሸራ አልብሰው ወሰዱት። ከዚያ አዲስ ሠሩለት። ሄጄ አየሁለት። ልጄ፣ በአዲሱ በረንዳ ላይ ውኃ ቢደፋ ተመልሶ ሳሎን ይገባል! ውኃ ልክ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው ነው የሠራው። አናጢው "አንተ ብትሠራልኝ ኖሮ" ብሎ አዘነ።

እውነቱን ነው። የእኔ ጓዳ ወለል ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም። የእጄ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ምስጢሩ አሸዋው ነው። ወንፊት ያልነካው፣ ወንፊትም የማይፈልግ፣ በጣትሽ ስታሺው እንደ ዱቄት የላመ። እንዲያ ያለ አሸዋ ከዚያ ወዲህ እጄ ገብቶ አያውቅም። የዛሬ ግንበኛ ያን አሸዋ ቢያገኝ ግማሽ ቀን ከመንፋት ይድን ነበር።

ለማንኛውም ያን ገጽ ተዪው፣ አያስፈልግም፤ ሐሜቱም በርዷል። ይልቅ ከቻልሽ ለሚወለደው ልጅ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ ላኪ። እዚህ የሚሸጠው ሻካራ ነው።

ምስክር ያልሻት ባልደረባሽ ደግሞ ውሸታም ናት።

አጎትሽ

---

ታኅሣሥ 8

ጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ብርድ ልብሱን ዛሬ ልኬዋለሁ፤ እንዳሉት ቀለል ያለ ነው።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ። በእግሬ ስመለስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ወንፊት ያልነካው አሸዋ ከወንዝ አይመጣም። የወንዝ አሸዋ ጠጠር አለው፣ ስንጥር አለው፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለው፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እኩል የላመ አሸዋ ከወፍጮ ነው የሚወጣው። እኔ በየቀኑ ጓንት አድርጌ ቆርቆሮ ውስጥ የምሞላው እሱን ነው። ከየት አመጡት?

ስለ ጓዳው አንድ ቃል ስላልጻፉልኝ ለእህቴ ደወልኩላት። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ "የት ነው የምትተኚው?" ብቻ አልኳት። "ሳሎን፣ በጋሼ አልጋ" አለችኝ። ከመቼ ጀምሮ ስላት "ያንቺ ደብዳቤ የመጣ ቀን። ጋሼ ራሱ ዕቃዬን ተሸክሞ አወጣልኝና እሱ ጓዳ ገባ። ጉልበቴን ይሞቀኛል ይላል" አለችኝ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ያውቃሉ ማለት ነው። ኮረብታ ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ እርጉዝ ሴት አያፈናቅሉም ነበር። ያወቁትን ነገር በራስዎ ሳምባ ሊሸፍኑት ነው? ተናደድኩብዎ፤ ልደብቅዎ አልችልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። እስከ መጋቢት ካልተናገሩ መኪኖቹ ይሄዳሉ፣ ወለሉ ይቀራል፣ እርስዎም ሲያልፉ ጓዳው ለዚያ ልጅ ይተርፋል።

ከተቆጣጣሪው ጋር ይነጋገሩ። "ካፍ ከወጣ አፋፍ" ይባላል፤ ግን እሱ የጻፈው ወረቀት ላይ ነው፣ ወረቀት ይሰረዛል።

ልጅዎ

---

ታኅሣሥ 29

ይድረስ ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ሦስት ሳምንት ሆነ፤ መልስ የለም። እህቴን ስጠይቃት "ደህና ነው፣ አይናገርም እንጂ" ትለኛለች። ዛሬ የጻፍኩት ልቆጣዎ አይደለም። ያን ደብዳቤ ስጽፍ ቁጣዬ ቀድሞኝ ይሆናል። አባቴ ካረፈ ወዲህ "ልጄ" ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ዝም ሲሉኝ ቤቱ ሁሉ ዝም ያለኝ ይመስለኛል። ስድብም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

---

ጥር 6

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው። ስድብ የለኝም። የምጽፈው ስለጠፋብኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

አሸዋውን ያመጣው አባትሽ ነው።

ወንድሜ የወፍጮው የጭነት መኪና ሹፌር እንደነበረ ታውቂያለሽ። እኔ ነፍሷን ይማርና ባለቤቴን ላገባ ስል ቤቴ ወለሉ አፈር ነበር። እሱ ደግሞ የሚሰጠኝ ነገር አልነበረውም፤ ሲከፋው አየው ነበር። አንድ ቀን በጠዋት ደጄ ላይ መኪና አቁሞ ጥሩምባውን ለቀቀው። ወጣ ብል አሸዋ ጭኖ ይስቃል። "አለቃውን ጠይቄ ነው፤ ቆሻሻ ነው፣ የፈለግከውን ያህል ውሰድ ብሎኛል። በል ለሙሽራህ ወለል ሥራላት" አለኝ። እጄን ክምሩ ውስጥ ሰደድኩት። ልጄ፣ ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል በሠርጌ ቀን አልተደሰትኩም። አደገኛ ነው ያለን ሰው አልነበረም። ልጆች ክምሩ ላይ እየተንሸራተቱ ይጫወቱ ነበር፤ አንቺም አንዷ ነበርሽ።

ተቆጣጣሪው "የነበረ ነው ወይስ የመጣ?" ሲለኝ "የመጣ ነው" ብል ቀጥሎ "ማን አመጣው?" እንደሚል አወቅኩ። የሞተ ወንድሜን ስም የመርዝ ወረቀት ላይ ማስጻፍ አቃተኝ። አንቺም አንድ ቀን እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆነሽ እንድታነቢው አልፈለግኩም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ደግሞ የነበረ አይባልም እንዴ? እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ይህ ግማሹ ነው። ያን ግማሽ ብቻ ነግሬሽ ልተው ነበር።

ሌላው ግማሽ የራሴ ነው። ወለሌን ያየ ሁሉ "ለእኔም" አለ። ወንድሜም ሳይታክት አመጣልኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ አሸዋ የአምስት ቤት ወለል ሠራሁ። ውኃልክ ያሰኙኝ እነሱ ናቸው። የእኔን ጓዳ "የመጣ ነው" ካልኩ የእነዚያን አምስት ሰዎች ደጅ ማንኳኳት አለብኝ። እዚያ ወለል ላይ ማን እንደዳኸ፣ ማን መጀመሪያ እንደቆመ አውቃለሁ። በዚህ ሰፈር ያለኝ ሀብት ስሜ ብቻ ነው። ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ ፈራሁ ብዬ ለልጅ መጻፌም ያሳፍረኛል።

አሁን ምን ላድርግ? ማኅተም ያለበት ወረቀት አልፈልግም። ያንቺን ቃል ብቻ ነው የምፈልገው።

አጎትሽ

---

ጥር 19

ይድረስ ለጋሼ፣

እንኳን ለአያትነት አበቃዎ! እህቴ በስልክ የልጅቷን ጩኸት አሰማችኝ፤ ያንን እንኳ በግራ ጆሮዎም ሳይሰሙት አይቀሩም። በደስታና በጤና ያሳድጋት፣ ስምዎን የምታስጠራ ያድርጋት።

ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ ሥራ ገባሁ፣ ቆርቆሮዎቼን መዘንኩ፣ ከሰዓት በኋላ መልሼ አነበብኩት። አባቴ ጥሩምባውን ሲለቀው ታየኝ። እንደዚያ ሲስቅ አላስታውሰውም፤ ይህን ስለነገሩኝ አመሰግንዎታለሁ።

አባቴ ለወንድሙ የሰጠው የሚያውቀውን ነው። አሸዋ ነው የሰጠው። የማያውቀውን ነገር አልሰጠም። የሚያውቁት "ቆሻሻ ነው ውሰድ" ያሉት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ወለላቸውን በእሱ አላሠሩም። ስሙን ያስጽፉት። ልጁ እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ። ይህንን ደብዳቤ ይዘው ቢሄዱም ደስ ይለኛል።

ተቆጣጣሪው ዘንድ ሲሄዱ አንድ ነገር አይርሱ። ሰዎቹ ከግቢውና ከጓዳው ወለል አፈሩን ለየብቻ ይውሰዱ፤ አይቀላቀል። ግቢው በእውነትም የኮረብታው ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱን ቁጥሮች ያስነብቧቸው። እስከዚያ ከጓዳው ወጥተው ይተኙ፣ ጉልበትዎን ሌላ ነገር ያሙቀው።

ስለ አምስቱ ደጆች ግን ምን እንደሚሉ ልነግርዎ አልችልም። የእኔ ሙያ እዚያ አይደርስም። ቢሰድቡዎ ይጻፉልኝ፣ አብረን እንቀበለዋለን።

ልጅዎ

---

መጋቢት 21

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽ ይብዛ፣ የእጅሽ ሥራ ይባረክ። ሕፃኗ ወፍራለች፤ ብርድ ልብሱን ሌላ ሰው ሲነካባት ታለቅሳለች። እኛ ለጊዜው የአናጢው ቤት ነው ያለነው። ከበረንዳው ላይ ውኃ ወደ ሳሎን ሲገባ እኔ ነኝ የምጠርገው።

"ፈቅጃለሁ" ያልሽበትን ደብዳቤ በደረት ኪሴ ይዤ ተቆጣጣሪው ቢሮ ገባሁ። ቢሮ ስል ቆርቆሮ ቤት ነው። "ያን ቀን የነበረ ነው ያልኩህ የመጣ ነው" አልኩት። "አባባ፣ ታዲያ ለምን እንዲያ አሉኝ?" ቢለኝ "ከመቼ ጀምሮ ብለህ አልጠየቅከኝማ" አልኩት። መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ፣ ከዚያ ሳቀ። ሉሁን አውጥቶ ሰረዘው። ማን አመጣው አለኝ። የወንድሜን ስም ነገርኩት። ከሥሩ "በአለቃ ፈቃድ" የሚል ካልጻፍክበት አልሄድም ብዬ ቆምኩ። ጻፈው፤ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ አምስቱን ቤቶች አስመዘገብኩ። ያን ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ ሌላ ሉህ አወጣ።

ከስድስቱም ቤት አፈር ወሰዱ፣ አሸጉ። ሦስት ሳምንቱን እየቆጠርኩ ጠበቅኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለት ሁለት ቁጥር አስነበብኳቸው፤ ተቆጣጣሪው "ይሄን ማን አስተማረዎት?" አለኝ። ግቢያችን እናትና ልጅ እኩል ናቸው፤ የኮረብታው ነው፣ አይነኩትም። ጓዳው ግን ልጁ ከእናቱ አሥራ አራት እጥፍ ሆነ፤ አምስቱም ቤቶች ከዚያ አይርቁም። ግማሽ ውሸቴ እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በግቢው ላይ አዲስ ክፍል ስሠራ ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጌ አየር እንዳሳልፍበት ነገሩኝ። ሥዕሉን እኔ ሠራሁላቸው።

ወለሌን ሲሰብሩ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። አራት ሰው አላበው። አንዱ "የሠራው ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያጠነከረው!" ሲል ሰማሁ። ኮራሁ፣ በኩራቴም አፈርኩ።

ደጆቹን ያንኳኳሁት አፈር የሚወስዱት ሰዎች ከመምጣታቸው አስቀድሞ ነበር። ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው። አንደኛው ሰደበኝ፤ ጎረቤት እስኪወጣ ሰደበኝ፤ እውነቱን ነው። ሌላው ጡረተኛ ነው፣ "ስንት ነገር አልፎን አሸዋ ይገድለናል?" ብሎ አላምን አለኝ፤ ሦስት ቀን ተመላለስኩበት። ሁለቱ ቤቶች ሰዎቻቸው ተቀይረዋል፤ አዲሶቹ እኔን አያውቁኝም፣ አፈር እንዲወሰድ ፈቅደው ፈረሙ። አለማወቃቸው ከስድቡ ይልቅ ከበደኝ።

አምስተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ናት። ያለ አባት ሦስት ልጅ እዚያ ቤት አሳድጋለች። አንድ ክፍል ነው፤ አልጋዋም ማሽኗም እኔ የሠራሁት ወለል ላይ ናቸው። ቆሜ ነገርኳት። ማሽኑን አላቆመችም፤ የያዘችውን ጠርዝ እስከ ዳር ሰፋችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ "ልጆቼ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የዳኹት" አለች።

"አውቃለሁ" አልኳት። "ይቅርታ አድርጊልኝ ልልሽ ነው የመጣሁት፤ ባታደርጊልኝም አልቀየምም።"

ተነስታ አንሶላውን ገፈፈች፣ ፍራሹን ጠቅልላ አስፋልቱ ዳር አወጣችው። ተመልሳ የአልጋውን ራስጌ ያዘች። እኔ እጄን አጣምሬ እንደቆምኩ ነኝ።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ?" አለችኝ። "ግርጌውን ያዝ እንጂ፤ ብቻዬን ላወጣው ነው?"

ግርጌውን ያዝኩና አወጣነው።

አጎትሽ